አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠይቅ ሴትዮ

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ከጤናዎ በፊት ጉልበትዎን የጠየቅኩት ከሁሉም የሚያስቸግርዎ እሱ ስለሆነ ነው። እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። ቀዝቃዛው ገና አልገባም፤ ሥራዬም እዚያው በርክሌ ሆስፒታል አንሶላና ጋውን ማጣጠፍ ነው፣ የማታ ሺፍት።

ጆሮዎ ስልክ አልቀበልም ካለ ወዲህ፣ ቪዲዮውንም «የራሴን አሮጊት ፊት ጥጉ ላይ እያየሁ አላወራም» ብለው ስለከለከሉኝ፣ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ደብዳቤውን ሂክማ ትይዝልኛለች። ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች።

ወሬ አለኝ። ኦዲሽን አደረግኩበት ያልኩዎት ቴአትር ተቀበለኝ! ኦክላንድ ዳውንታውን ያለ አሮጌ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ሁሉ ወርቅ ቅብ። ተውኔቱ ሙዚቃና ቀልድ ነው፤ ፊልም ገና አፉን በፈታበት ዘመን እንደሚሠሩት ዓይነት። አንዲት የገጠር ልጅ ትልቅ ከተማ ትመጣለች፣ በሰልፍ ከሚጨፍሩ ሴቶች ጋር ትቀጠራለች፣ ከሰልፉ ወጥታ ፊት ለመቆም ደግሞ የማታደርገው የለም። እኛ ሰልፉ ነን። አሥራ ሁለት ነን፤ ራሳችን ላይ ላባ፣ ሶሉ ላይ ብረት ያለው ጫማ፣ የሚያብለጨልጭ ልብስ። አዎ፣ አጭር ነው። ሳን ሆዜ ላሉት ለጋሽ አባተ እንዳይነግሩብኝ። ወንድምዎ ናቸውና እንደሚነግሯቸው ግን አውቃለሁ።

ዋናው ወሬ ገና ነው። ትናንት እረፍት ላይ ሰውነቴን ሳሟሙቅ ሳላስበው የእርስዎን የእስክስታ ትከሻ አወጣሁት። ያንን መጀመሪያ ጥለው የሚያቆሙትን፣ ሰው «ረሳችው እንዴ?» እስኪል ድረስ ዝም ብለው ከዚያ የሚለቁትን። ዳይሬክተሯ ዳና ትባላለች፤ የያዘችውን ወረቀት ወንበር ላይ ጥላ መጣች። «ይህን ፊት ወጥተሽ ብቻሽን ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። ሌላው መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ አንዱ ብቻ እኔ ላይ!

እትዬ፣ «እሺ» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ግን ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ዘልዬ አልተቀበልኩም። «ኧረ ኧረ፣ እኔ ምን ችዬ! ኬልሲ ትሻላለች» አልኩ። ኬልሲ የገጠሯን ልጅ ሆና የምትሠራው ዋናዋ ተዋናይት ናት። ዳና «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ «በጣም» አልኩ። እንግዲህ ነገ ልምምድ ላይ ስትለምነኝ ትንሽ አንገራግሬ እሺ እላለሁ።

ምን ልላክልዎ? ሳይሳቀቁ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ እድላዊት


አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድላዊት፣

ሰላምታዬ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይድረስሽ። መድኃኔዓለም ከሚያዳልጥ ወለል፣ ከምቀኛ ጓደኛና መብራት ከሚያጠፋ ባለሙያ ይጠብቅሽ። እኔ አለሁ። ከፒያሳ አንስተው እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅለውኛል፤ በወረድኩ ቁጥር ጉልበቴ ይሳደባል፣ በወጣሁ ቁጥር እኔ እሳደባለሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ እልል አልኩ። ቲቲ፣ ያቺ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ፣ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። «የኔ ልጅ አሜሪካ ላይ ፊት ወጣች» አልኳት። ልጇ ካናዳ ናት እያለች ሁለት ዓመት ስታደርቀኝ ኖራለች፤ በይ እስቲ አሁን ትናገር።

እንደተግደረደርሽ ስሰማ ደግሞ ኮራሁብሽ። ጨዋ ነሽ! አንዴ ሲጠሯት ብድግ የምትል ሴት ዋጋ የላትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሦስት ጊዜ አስለምኛት። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» በይና ውጪ። ያን ጊዜ ለምነው ያወጡሽ እነሱ ናቸው፤ ቢያዳልጥሽም አያሙሽም።

እኔ ሠላሳ ዓመት ቴአትር ቤት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ የፊተኞቹን ማጅራት ሳይ ነው የኖርኩት። የማን ማጅራት ላይ ምን ጠባሳ እንዳለ አውቃለሁ። አንቺ ፊት ስትቆሚ የማንንም ማጅራት አታዪም። ይህን እያሰብኩ ነው የምተኛው።

ለአባተ ነግሬዋለሁ። ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርግ። በቲቲ ስልክ ጽፌለት በዚያው መለሰልኝ፦ «ልጅቷ ጭኗን ለፈረንጅ እያሳየች ነው፣ በዚያ ልብስ ቆማ ላላያት ምያለሁ» ይላል። ማል አልኩት። የት አባቱ።

ለኔ ምንም አልፈልግም። ምንም እንዳትልኪ። ለጉልበት የሚታሰር ላስቲክ እዚያ አገር ጥሩ አለ ይላሉ፤ እኔ ግን አልፈልግም። ጥቁሩ ቆሻሻ አያሳይም ይላሉ።

አክስትሽ ሮማነወርቅ


ኦክላንድ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሮማነ፣

እንዴት ከረሙ የሚለው ከልቤ እንደሆነ ይታወቅልኝ፤ ወሬው ስላስቸኮለኝ ሰላምታዬ አጠረ።

አልለመነችኝም።

በማግስቱ ተኳኩዬ ሄድኩ። ስገባ ኬልሲ መሃል ቆማለች፤ መብራቱን እሷ ላይ እየሞከሩ ነው። ዳና ወደ እኔ መጥታ ትከሻዬን ያዘችና «ስለ ሐቀኝነትሽ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው አልችልም ማለት አይችልም» አለችኝ። አመሰገነችኝ! ከዚያ ቀጥላ «ግን አንቺ ታስተምሪያታለሽ፣ እሺ?» ስትለኝ «እሺ» አልኩ። ገባዎት? እሺ ማለት የነበረብኝ ቦታ ኧረ ኧረ፣ ኧረ ኧረ ማለት የነበረብኝ ቦታ እሺ!

ይኸው ወር አለፈኝ። ከሰልፉ ቀድሜ እገባለሁ፤ የእርስዎን ትከሻ ለኬልሲ አስተምራለሁ። ከዚያ ላባዬን አድርጌ ኋላ፣ ከጫፍ ሦስተኛ እቆማለሁ፤ ማጅራቷንም አያለሁ። ጠባሳ የለውም።

የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ባርት በሚሉት ባቡር ውስጥ ከፍቼ አነበብኩት። «ሦስት ጊዜ አስለምኛት» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅኩ፤ ሳቁ አልቆም ብሎኝ ወደ ለቅሶ ዞረ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ተነስቶ ቦታ ቀየረ።

ለእትዬ ቲቲ ምን እንደሚሏቸው አላውቅም። እንደፈለጉ ያድርጉ። ጥቁሩን የጉልበት ማሰሪያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

እድላዊት


አዲስ አበባ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ልጅ፣

ሰላምታ የለኝም። የነበረኝን ቲቲ በደረጃ ላይ «ቪዲዮው መቼ ነው የሚላከው?» ስትለኝ ጨረስኩት። ቆሽቴ አርሯል።

ምን ዓይነት ሴት ናት አንዴ ጠይቃ የምትተው? እናት አላሳደገቻትም? ቤቷ እንግዳ ገብቶ አያውቅም? ሰው «በቃኝ» ሲላት ሳህኑን ታነሳለች? አበስኩ ገበርኩ! «በሞቴ» የማይባልበት አገር ሰው እንዴት ይጠግባል?

አንቺስ ምን ነካሽ? «እርግጠኛ ነሽ?» ስትልሽ እኮ ሁለተኛ ጠይቃሻለች! በሷ አቅም ለመነችሽ ማለት ነው። እዚያ ላይ ዝም ብትይ፣ ትንሽ ብትሽኮረመሚ፣ መሬት ብትጭሪ ምን ነበረበት? «በጣም» ምን ይሉታል? በሩን ዘግተሽ፣ ቆልፈሽ፣ ቁልፉን በመስኮት ወረወርሽው!

መግደርደርን ያስተማርኩሽ ለገበታ ነው። ለገበታ! መድረክ ላይ ማን ተግደርደሪ አለሽ? መድረክ ላይ የተግደረደረ ጦሙን ያድራል። «ጥሩ አደረግሽ» ያልኩሽን እያነሳሽ እንዳትከራከሪኝ፤ እኔ ያልኩት ነገ ትለምነኛለች ስላልሽኝ ነው። እኔ ሴትዮዋን መች አውቃታለሁ?

አሁን ስሚ። ትከሻውን አስተምሪያት፣ እሺ ብለሻልና። ማቆሙን ግን እንዳታስተምሪያት። ማቆሙ የኔ ነው። ከማንም አልተማርኩትም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ፣ ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ሲያይ፣ «እኔ ብቆምስ ማን ልብ ይላል?» ብዬ ያመጣሁት ነው። ያቺ ልጅ ዝም ብላ ትንቀጥቀጥ፤ ሕዝቡም ብርድ ይዟት ነው ይበል። ይህን ካላደረግሽ የኔ ልጅ አይደለሽም።

የጉልበቱ ማሰሪያ ደርሷል። ምን አስቸገረሽ? አልፈልግም አላልኩሽም? ልክ ሆኖኛል።

ሮማነወርቅ


ኦክላንድ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ፣

ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ደረጃውን ያሳጥርልዎ፣ እኔንም ከዚህ ቀጥሎ ለምጽፈው ይቅር ይበለኝ። መልስ ያቆየሁት ንዴቴ እስኪበርድ ነበር። አልበረደም።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ነው የምለው።

ልጅ ሆኜ ሠርግ ቤት ሲወስዱኝ በመንገድ ላይ ምን ይሉኝ ነበር? «ሲሰጡሽ ቶሎ እጅሽን እንዳትዘረጊ። በልቼ ነው የመጣሁት በይ።» አልበላሁም ነበር እኮ! ሠርግ ቤቱ ውስጥ አንጀቴ እየጮኸ «በልቻለሁ» እል ነበር፣ እርስዎ ከወዲያ በዓይንዎ ይጠብቁኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ሳያስገድዱኝ አልፈውኝ ሄዱ፤ እርስዎ ቤት ስንገባ ምን አሉ? «ጨዋ ልጅ» ብለው ሳሙኝ። ተርቤ ተሳምኩ።

ይህን ይዤ ነው አሜሪካ የገባሁት። ሱፐርቫይዘሬ «የቀን ሺፍት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። «አይ ግድ የለም፣ ይሄም ጥሩ ነው» አልኩት። አሁን ሂክማ የቀን ሺፍት ናት፣ እኔ ፀሐይ የማየው በመስኮት ነው። ካስትሮ ቫሊ የምትኖር አንዲት ሴትዮ ቤዝመንቷን በርካሽ ልታከራየኝ «ብትገቢልኝ ደስ ይለኛል» ስትለኝ «ኧረ አላስቸግርሽም» አልኳት። አላስቸገርኳትም፤ ሌላ ሰው አስቸገራት። ሂክማን «እንዲህ ፈጥኖ እሺ ማለትን ማን አስተማረሽ?» ብላት «ሁለት ዓመት እንዳንቺ ተርቤ» አለችኝ።

ስለ ማቆሙም ልንገርዎ። አስተማርኳት። ሁሉንም፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ አድርጌ። ሥራዬን አበላሽቼ ሰው ላዋርድ? ግን አልያዛትም። ማቆም ትፈራለች። ሰው የረሳች እንዳይመስለው ቶሎ ትነቃነቃለች። ደግ ልጅ ናት፣ ይሄም ያናድደኛል፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። «እንዴት ነው እንደዚያ ዝም የምትዪው?» ትለኛለች። እንዴት ዝም እንደምል! ዝም በማለት ያደግኩ ሰው ነኝ!

ከእንግዲህ ለእርስዎም እንደ ዳና እሆናለሁ። «ምንም አልፈልግም፣ ግን ጥቁሩ ቆሻሻ አያሳይም» የሚለውን መተርጎም ሰልችቶኛል። አልፈልግም ካሉኝ አምናለሁ፣ አልልክም። የሚፈልጉት ካለ «እፈልጋለሁ» ብለው ይጻፉልኝ።

ቴአትሩ መጋቢት 5 ይከፈታል። ጋሽ አባተ መሐላቸውን አላፈረሱም፤ ስደውል ስለ ጭኔ ብቻ ነው የሚያወሩኝ። ማንም ከኔ ወገን አይኖርም። ግድ የለም። (አዩ? አሁንም ግድ የለም አልኩ። ግድ አለኝ።)

እድላዊት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሪት እድላዊት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ምንም አልፈልግም። አሁን የምሬን ነው።

የጉልበቱን ማሰሪያ ለቲቲ ሰጥቻታለሁ። ስለ ሠርግ ቤቱ የጻፍሽውን አስታውሳለሁ፤ እኔም ያን ቀን አልበላሁም ነበር።

ከመውጣትሽ በፊት የጫማሽን ክር ሁለቴ እሰሪ። ይህ ምክር አይደለም፣ የሥራው ሕግ ነው።

ሮማነወርቅ


ኦክላንድ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ፣

በቁጣ የሄደ ደብዳቤ ቁጣ ይዞ ተመለሰ፤ ይሁን፣ ተመጣጣኝ ነው። ሰላምዎ ይብዛ። ክሬን ሁለቴ አስሬ ነው የወጣሁት።

የመክፈቻውን ቀን እንዳለ ልንገርዎ፤ ጋሽ አባተ ጽፈውልዎ ከሆነ አይመኑ፣ እሳቸው ራሳቸውን ጀግና አድርገው ነው የሚያወሩት።

መጡ። አዎ፣ የማሉት ሰውዬ። ከሳን ሆዜ ያን ሁሉ ትራፊክ ነድተው፣ የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን ለብሰው። እኔ አላወቅኩም። እኔ ኋላ ነኝ፣ ከጫፍ ሦስተኛ። ኬልሲ ፊት ወጣች፣ መብራቱ እሷ ላይ አረፈ። ትከሻዋን ጣለች። አላቆመችም፤ ተንቀጠቀጠች። እኛ ከኋላ ቀስ ብለን እንድንወዛወዝ ነበር የታዘዝነው። እኔ አቆምኩ። አስቤበት አይደለም፤ ብስጭቱ ራሱ ነው ያቆመኝ። ትከሻዬን ጥዬ ቀጥ አልኩ፣ ቆየሁ፣ ከዚያ ለቀቅኩት።

ከወደ መሃል «ይህችማ የኛ ናት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል ጋሽ አባተ በመተላለፊያው እየመጡ ነው፤ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ እንደ ሠርግ ሰው ቀስ ብለው። በጎን ባለው ደረጃ መድረኩ ላይ ወጡ። ኬልሲን በእንግሊዝኛ «ይቅርታ እመቤት» ብለው በአጠገቧ አለፉ። ሰልፉ ውስጥ ገቡ፣ ላባዬን በእጃቸው ገለል አደረጉና ግንባሬ ላይ የዶላር ኖት ለጠፉ። በላቤ ያዘ። ከዚያም እየተውረገረጉ ሁለት ጊዜ ዞሩኝ! ሕዝቡ የተውኔቱ ክፍል መሰለው፤ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ ያለችው ልጅ በጥርሷ መሃል «ሰክረዋል?» ትለኛለች። ሁለት ጠባቂዎች በብብታቸው ይዘው አወጧቸው፤ እሳቸውም እየተጎተቱ «ሽልማት ነው! ሽልማት ነው እኮ!» ይላሉ። እኔ ኖቱ ግንባሬ ላይ እንዳለ ጭፈራውን ጨረስኩ። ላንሳው ወይስ ልተወው? ማንም አላስተማረኝም።

በኋላ መኪናቸው ውስጥ «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ብላቸው ተቆጡኝ። «የእህቴን ትከሻ አይቼ ላላውቅ ነው? ቁጭ ብዬ ላሳልፈው?» አሉ። ስለ ጭኔ አላነሱም።

በማግስቱ ዳና ቢሮ ጠራችኝ። እዚህ አገር የምትጨፍር ሴት ላይ ብር የሚያስቀምጡት ሌላ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው፤ እርቃን የሚጨፈርበት። «ልጆቼን እንደዚያ አይነት ሰው እንዲነካብኝ አልፈቅድም፣ ማነው?» አለችኝ፤ ፊቷ ቀልቷል። እንደምባረር አውቄ ስለገባሁ ፍርሃት የሚባል ነገር ለቆኛል። «አጎቴ ናቸው! ይህን ልብስ ለብሼ ላያዩኝ የማሉ ሰው ናቸው! እኛ አገር ብር ግንባር ላይ የሚለጠፈው ለጎበዝ ነው፣ ክብር ነው!» አልኳት። እዚያ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «አንቺ ግን አንዴ ጠይቀሽ ተውሽኝ!»

«አይ አልሽኝ» አለች።

«አይ ማለቴ አዎ ነበር! የኔ የመጀመሪያ አይ ጉሮሮ መጥረግ ነው! ሰው አንዴ ጠይቆ እንዴት ይተዋል?» እትዬ፣ ሕንፃው የሰማኝ ይመስለኛል። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

እሷም ጮኸች። «ታዲያ በምን ልወቅ? ጠየቅኩሽ፣ መለስሽልኝ፣ አመንኩሽ። ማመኔ ነው ጥፋቴ?»

ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ዳና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «የማታው የኬልሲ ነው፣ ከእጇ አልነጥቅም። የእሁድ ከሰዓቱን ትርኢት አንቺ ፊት ወጥተሽ ትሠሪ...» አፌ ተከፈተ። እውነቴን ነው፣ «ኧ» ወጥቷል። ነከስኩት። «እሺ!» አልኩ፣ ጥያቄውን ሳትጨርስ።

ከትናንት ወዲያ እሁድ ሠራሁት። መብራቱ ይሞቃል፣ ማንም አልነገረኝም ነበር። ጣልኩ፣ አቆምኩ። አንዲት ሴትዮ ፊት ወንበር ላይ ሳሏን ዋጠች። የማንንም ማጅራት አላየሁም። ጋሽ አባተ እጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዳና ያስገባቻቸው ከወንበራቸው እንደማይነሱ አስፈርማ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዳና አሥራ ሁለታችንም ማቆሙን እንድንችለው ፈለገች። «አንቺ ስታስተምሪ ኬልሲን አልያዛትም፤ ማነው ያስተማረሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። በቪዲዮ እንዲያስተምሩን ትፈልጋለች፤ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን፣ መድረኩ ላይ፣ ከሁላችን ፊት። መስማት አያስፈልግዎትም፤ እኛ እርስዎን እናያለን፣ እርስዎ እኛን ያያሉ። ጥጉ ላይ የሚታየውን የራስዎን ፊት አጠፋዋለሁ። ስምዎ ፕሮግራሙ ላይ ይታተማል።

ይህን ሥራ ይሠሩልናል?

የምጠይቅዎ አንድ ጊዜ ነው። በሞቴ አልልም፣ አፈር ስሆን አልልም። የሚጽፉልኝን አምናለሁ።

እድላዊት


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእድላዊት፣

አንቺ ባለጌ! አክስትሽን አንዴ ጠይቀሽ ልትተዪ? ማን አሳደገሽ?

ይህን መልስ ጀምሬ ቀድጄ፣ ጀምሬ ቀድጄ ወረቀት ጨረስኩ። ሁሉም የሚጀምረው «ኧረ እኔ አሮጊቷ ምን ቀረኝ ብላችሁ» ብሎ ነው። እጄ ራሱ ነው የሚጽፈው፣ እኔ አይደለሁም። ከዚያ የአንቺን የመጨረሻ መስመር አያለሁ፤ ደሜ ይፈላል፤ እቀድደዋለሁ።

የዚያችን ሴትዮ ጥያቄ አሰብኩበት። መልስ የለኝም። መልስ ማጣቴ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናዶኛል። ሰላም በያት።

ያ ወንድሜ የሚባለው ግን! የእህቴን ትከሻ ላላውቅ ነው አለ? እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እያለሁ በየበዓሉ እየመጣ ኖቱን የሚለጥፈው የፊተኛዋ ግንባር ላይ ነበር፤ በኔ በኩል ሲያልፍ ቀሚሴን ረግጦ! ንገሪው። ቂሜን አልረሳሁም፤ ቆጥቤ ይዤዋለሁ። ደግሞም ንገሪው፣ ላንቺ በመለጠፉ ትንሽ ቀንሼለታለሁ።

የጉልበት ማሰሪያ እፈልጋለሁ። እፈልጋለሁ ብዬ ጻፍኩ፣ አየሽ? ጥቁር። የበፊቱን ቲቲን መልሺ ብላት «አልፈልግም ብለሽ ሰጥተሽኝ የለም ወይ?» አለችኝ። እሷም አሜሪካዊት ሆናለች።

ያልሽኝን ለቲቲ ነገርኳት። «ምነው፣ ትንሽ ተግደርደሪ እንጂ፣ ሽቅብ ዘለለች ይሉሻል» አለችኝ። ዕድሜዬ ለመግደርደር አይበቃም አልኳት። ፀጉሬን የምሠራበትን ቀን እንዳውቅ ሰዓቱን ቶሎ ጻፊልኝ። ልጆቹም ጫማቸውን አውልቀው ይጠብቁኝ።

እሺ።

ሮማነወርቅ